«ሎጌን ልኬዋለሁ፤ አጭበርብሬ ይሆን?» ስለ ሃም ራዲዮ ውድድር ደንብና ሐቀኝነት

ጥያቄው ይህ ነው፤ ትንሽ አሳጥሬዋለሁ። ለማያውቅ አንባቢ፣ ሃም ማለት ፈቃድ አውጥቶ ለፍላጎቱ ሲል በራዲዮ የሚገናኝ አማተር ነው፤ በውድድር ጊዜ የቻለውን ያህል ጣቢያ ለማግኘት ይሞክራል። ኮልሳይን የየጣቢያው መጠሪያ ፊደልና ቁጥር ነው፤ ሎግ ደግሞ የግንኙነቶቹ መዝገብ።

«ጋሽዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ጄነራል (መካከለኛውን ደረጃ) ፈቃድ ካወጣሁ 8 ወሬ ነው። 100 ዋት ራዲዮና ጓሮ ዛፍ ላይ የሰቀልኩት ሽቦ አንቴና አለኝ። ባለፈው ቅዳሜና እሁድ በሲኪው ወርልድ ዋይድ የድምፅ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳተፍኩ። 300 ገደማ ግንኙነት አደረግኩ፤ በጣም ደስ ብሎኛል። ሎጌን ‹ነጠላ ኦፕሬተር፣ ዝቅተኛ ኃይል፣ ያለ እገዛ› ብዬ እሁድ ማታውኑ ላክሁ። ትናንት ለአንድ ጓደኛዬ ሳወራው ግን ‹ይሄማ ማጭበርበር ነው› አለኝ። አንደኛ፣ ኮምፒውተሬ ላይ ክላስተር ከፍቼ የሚመጡትን ኮልሳይኖች እየተጫንኩ ነበር የማገኛቸው። ሁለተኛ፣ እስራኤል ያለው የአክስቴ ልጅ ሃም ነው፤ በቴሌግራም ተጻጽፈን ፍሪኩዌንሲ ተቀጣጠርንና ተገናኘን። ሦስተኛ፣ ከመላኬ በፊት የተጠራጠርኳቸውን 6 ኮልሳይኖች ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ አስተካከልኩ። እውነት አጭበርብሬያለሁ? ደግሞስ 30 ሜትር ታወር ካላቸው ሰዎች ጋር በሽቦ የሚወዳደር ሰው ትንሽ እገዛ ቢያገኝ ምን ችግር አለው?»

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለህ። በሽቦ አንቴናና በ100 ዋት፣ ያውም በመጀመሪያ ውድድርህ፣ 300 ግንኙነት ቀላል ነገር አይደለም። ጓደኛህ ሲነግርህ ዝም ብለህ አለማለፍህ ደግሞ የበለጠ ደስ አሰኝቶኛል።

በቀጥታ ልመልስልህ። ክላስተር መጠቀምህ ጥፋት አይደለም፤ የተሳሳትከው የገባህበት ምድብ ላይ ነው። የቴሌግራሙን ቀጠሮና የስድስቱን እርማት ግን ደንቡ በግልጽ ይከለክላቸዋል። ሆኖም ሦስቱም ዛሬውኑ ይስተካከላሉ። ሎግ የሚላከው ውድድሩ ካለቀ በኋላ ባሉት 5 ቀናት ውስጥ ነው። ውድድሩ እሁድ በዩቲሲ 23፡59 አለቀ፤ በእኛ በምሥራቅ አሜሪካ በፈረንጅ አቆጣጠር ማታ 8 ሰዓት ሊሞላ 1 ደቂቃ ሲቀረው ማለት ነው። ስለዚህ እስከ ዓርብ ማታ ጊዜ አለህ። አዲስ ፋይል ስትልክ የቀድሞውን ይተካዋል። አስተካክሎ መላክ የተለመደ ነው፤ ማንም በክፉ አያይህም።

አሁን ወደ ምክንያቱ ልግባ፤ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነውና።

በሩጫ ዳኛው መስመር ላይ ቆሞ ያያል። በኳስ ሜዳ ቪዲዮ አለ። በራዲዮ ውድድር ግን በሩን ዘግተህ ለብቻህ 48 ሰዓት ትቀመጣለህ። ራዲዮህ 100 ዋት ይልቀቅ ወይም ጠረጴዛው ስር ያለ አምፕሊፋየር 1500 ዋት ይጨምርበት፣ ሌላው ዓለም የሚሰማው ድምፅህን ብቻ ነው። ማንም ቤትህ መጥቶ አይቆጥርም። ለዚህ ነው ሁሉም ነገር አንተ «እንዲህ አድርጌ ሠራሁ» ብለህ በምትጽፈው ቃል ላይ የቆመው። ምድብ ማለት የምትሰጠው ቃል ነው። ከሁሉም ደንብ ይህን እንድትይዝልኝ እፈልጋለሁ።

ክላስተሩን እንየው። ለማያውቅ አንባቢ፣ ክላስተር ማለት በዓለም ዙሪያ ያሉ ኦፕሬተሮች «እገሌ በዚህ ፍሪኩዌንሲ እየጠራ ነው» ብለው በኢንተርኔት የሚለጥፉበት ሰሌዳ ነው። አንዷ ልጥፍ ስፖት ትባላለች። ለሞርስማ ለጣፊ ሰውም አያስፈልግም። ሪቨርስ ቢኮን ኔትወርክ የሚባለው መረብ በየአገሩ ባሉ ሪሲቨሮች የሚጠሩትን ጣቢያዎች ራሱ ሰምቶ ይለጥፋል። አንተ ስፖቷን ስትጫን ራዲዮህ ዘሎ እዚያው ይሄዳል። ያለ እገዛ የሚወዳደረው ሰው ግን ዳያሉን በእጁ እያዞረ፣ ባንዱን፣ ማለትም የተመደበውን የፍሪኩዌንሲ ክልል፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ እያዳመጠ፣ ብርቅ የሆነውን ጣቢያ በጆሮው ይፈልጋል። ሁለቱም ጥሩ ሥራ ነው። ግን አንድ ዓይነት ሥራ አይደለም። ለዚህ ነው «በእገዛ» እና «ያለ እገዛ» ተብለው የተለዩት። አንተ በእገዛ ሠርተህ ያለ እገዛ ብለህ ላክህ። ሆን ብለህ እንዳላደረግከው ይገባኛል። ግን ሁለት ቀን ሙሉ ዳያል ሲያዞር ከከረመው ሰው በላይ ስምህ ቢወጣ፣ እሱ የሚያጣው ደረጃ የእውነት ነው።

«ማን ያውቅብኛል?» የሚሉ አሉ። ይታወቃል። የተላኩት ሎጎች ለማንም ሰው በይፋ ይወጣሉ። እያንዳንዱ ስፖትም ከነሰዓቱ ተመዝግቦ ይቀመጣል። አጣሪዎቹ ሁለቱን ጎን ለጎን ያደርጓቸዋል። አንድ ብርቅ ጣቢያ በተለጠፈ በ1 ደቂቃ ውስጥ ከ20 ሜትር ባንድ ወደ 10 ሜትር ባንድ ዘሎ የሚይዝ ሰው፣ አንዴ ቢሆን ዕድል ነው። ሠላሳ ጊዜ ሲሆን ግን ዕድል አይባልም። ከሁሉም የሚገርመኝ የተሳሳተ ስፖት ነው። ለጣፊው አንዱን ፊደል ሳተ እንበል። ያ የሌለ ኮልሳይን ከነስህተቱ፣ ከነደቂቃው፣ «ያለ እገዛ» በሚል ሎግ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ጆሮው ሰምቶት ቢሆን ኖሮ በዚያው ፊደል፣ በዚያው ደቂቃ አይስትም ነበር።

በክለባችን አንድ አዛውንት አሉ። ከዓመታት በፊት በዚሁ ውድድር ለ37 ሰዓት ተቀምጠው ሠሩ። ሲጨርሱ ክላስተሩ ከዋዜማው ጀምሮ ሳይዘጋ እንደቆየና በመጀመሪያው ሰዓት ስፖቶች ስክሪናቸው ላይ ይታዩ እንደነበር አስተዋሉ። አንዱንም አልተጫኑም። ያም ሆኖ ሎጉን «በእገዛ» ብለው ላኩት። ሽልማቱ ቀረባቸው። ምክንያታቸውን ስንጠይቃቸው «ዓይኔ አይቷል» ብቻ ነው ያሉን። እኔ ምድብ ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ወደ ቴሌግራሙ ልምጣ። ደንቡ ውድድሩ ውስጥ ያለን ግንኙነት በስልክ፣ በኢንተርኔት፣ በመልእክት መላላኪያ መቀጣጠርን ይከለክላል። ከተገናኙ በኋላ «ሰማኸኝ? ዞኑን ስንት አልከኝ?» ብሎ በዚያው መንገድ ማረጋገጥም እንደዚሁ ክልክል ነው። ዞን ማለት ዓለም ለውድድሩ የተከፋፈለችበት ባለ ቁጥር ክልል ነው፤ ሁሉም ሲገናኝ የራሱን ይናገራል። የአክስትህን ልጅ ማግኘት ምን ክፋት አለው ትለኝ ይሆናል። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ከሌላ አህጉር ጋር የተደረገ ግንኙነት 3 ነጥብ ነው። 300 ግንኙነትህ በሙሉ ከውጭ አህጉር ነው ብንል 900 ነጥብ አለህ። ይህ በአባዢዎች ይባዛል። አባዢ ማለት በየባንዱ ያገኘሃቸው አዳዲስ አገሮችና ዞኖች ድምር ነው። 120 አሉህ እንበል፤ ውጤትህ 108,000 ይሆናል። አሁን ከዚህ ቀደም ካገኘኸው አገር አንድ ሰው ጨምር፤ 903 በ120 ሲባዛ 108,360 ነው። 360 አተረፍክ። በዚያ ባንድ ላይ እስራኤል አዲስ አገር ከሆነች ግን 903 በ121 ይባዛና 109,263 ይሆናል። ትርፉ 1,263 ነው። አንድ የቴሌግራም መልእክት ከሦስት ተራ ግንኙነት የበለጠ ዋጋ አወጣ ማለት ነው። ጎረቤትህ ያንኑ አገር ለማግኘት 1 ሰዓት ሲፈልግ ቆይቶ ሊሆን ይችላል።

ከአገራችን ጋር አያይዤ ልንገርህ። ኢትዮጵያ በዚህ ውድድር ዞን 37 ናት። ከኢትዮጵያ የሚሠሩ ሃሞች ጥቂት ስለሆኑ፣ አዲስ አበባ አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያለው የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር ጣቢያ፣ ኢቲ3ኤኤ፣ አየር ላይ ሲወጣ ዓለም ይንጫጫበታል። የአገሬ ልጅ ነኝና በጎን ጻፉልኝ ብሎ ማለፍ ያጓጓል። እኔም አጓጉቶኝ ያውቃል። ግን እንደ ሌላው ሰው ሰልፉ ውስጥ ገብቶ፣ ኮልሳይንን አንዴ ጠርቶ፣ ዝም ብሎ አዳምጦ፣ እንደገና ጠርቶ ማግኘት ያለው ደስታ ሌላ ነው። በአየር ላይ መነጋገር ደግሞ ይፈቀዳል። የአክስትህን ልጅ 20 ሜትር ላይ ካገኘኸው፣ እዚያው በራዲዮ «15 ሜትር ላይ እንሞክር?» ማለት ትችላለህ። ከውድድሩ በፊት «ቅዳሜ እወጣለሁ» ብሎ ለዘመድ መንገርም ምንም አይደለም። ሰዓትና ፍሪኩዌንሲ ቆርጦ መቀጣጠሩ ነው ችግሩ።

«ስፖት አድርጉኝ» ብሎ ጓደኛን መጠየቅም ከዚሁ ወገን ነው። ራስን በራስ መለጠፍን የሚፈቅዱ ውድድሮች አሉ፤ ለምሳሌ የአሜሪካው ማኅበር፣ ኤአርአርኤል፣ በቪኤችኤፍ ውድድሮቹ ይፈቅዳል። ስለዚህ የአንዱን ውድድር ደንብ ለሌላው አታውለው። በየዓመቱም ይሻሻላልና ዋዜማው ላይ ቁጭ ብለህ አንብበው።

ሦስተኛው፣ ስድስቱ ኮልሳይኖች። እዚህ ላይ ነው ብዙ ጥሩ ሰዎች የሚሳሳቱት። ማረም በጎ ነገር ይመስላል። «ትክክለኛውን ብጽፍ ማንን ጎዳሁ?» ይላሉ። ግን የውድድሩ ግማሽ ፈተና ጆሮ ነው። በእንግሊዝኛ ቢ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ፒ፣ ቲ፣ ቪ ሁሉም መጨረሻቸው አንድ ነው። ጫጫታ ውስጥ አይለዩም። ለዚህ ነው ቪክተር፣ ታንጎ፣ ፓፓ እያልን የምንጠራው። እሁድ ከሌሊቱ ሲደክምህ፣ ከታች በኩል ሌላ ጣቢያ ሲረግጥህ፣ «ታንጎ ነው ወይስ ቪክተር?» ብለህ ብትጠይቅ 5 ሴኮንድ ታጣለህ። ሳትጠይቅ ብታልፍ ፍጥነት ታገኛለህ፤ ግን ስህተት ከተገኘ ግንኙነቱ ይሰረዛል፤ በላዩ ላይም ተጨማሪ ነጥብ ትቀጣለህ። ያቺን ምርጫ እዚያው፣ በዚያች ሴኮንድ መወሰን ነው ጨዋታው። ከጨዋታው በኋላ በዳታቤዝ፣ በቅጂ ወይም በኢሜይል ማረም ግን ፈተና ካለቀ በኋላ ደብተር ከፍቶ መልስ መሙላት ነው። በኪቦርድ የሳትከውን፣ ለምሳሌ እየሠራህ ሳለ ማስታወሻ ወረቀት ላይ «ይህ ቲ ነው» ብለህ የጻፍከውን፣ ማስገባት ሌላ ነው። የሰማኸው እሱ ነዋ።

በዚሁ አጋጣሚ ስለ ሎግ ፕሮግራሞች ልንገርህ። ኤን1ኤምኤምን የመሰለ ፕሮግራም ኮልሳይኑን ስትጽፍ ዞኑን ቀድሞ ይሞላልሃል። ጥሩ ነው፤ ግን አትመነው። አሜሪካ ብቻ ዞን 3፣ 4 እና 5 አላት። የካሊፎርኒያ ኮልሳይን ይዞ ሜሪላንድ የሚኖር ስንት ሰው አለ! ሰውየው «ዜሮ ፋይቭ» ካለ የምትጽፈው 5 ነው፤ ፕሮግራሙ 3 ቢልም።

ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ስለ 59ም ላንሳ፤ የሰማኸው ድምፅ ምን ያህል ጥርትና ብርታት እንዳለው የሚገልጽ ቁጥር ነው። ሁሉም ለሁሉም «ፋይቭ ናይን» ይላል፤ በጭንቅ የሚሰማውን ሳይቀር። ይህ ውሸት ነው ብለው የሚያዝኑ አዲስ ልጆች አሉ። እኔ እንደ ሰላምታችን ነው የማየው። «እንደምን አደርክ?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው መልሱ፤ ወገቡን ያመመውም እንደዚያው ይላል። ማንም በዚህ አይታለልም፤ ነጥብም አያስጨምርም። እውነተኛው መረጃ ከኋላው የሚመጣው ዞን ነው።

አሁን ወደ ታወሩ ልመለስ፤ ጥያቄህ ተገቢ ነው። እውነት ነው፣ ውድድሩ እኩል አይደለም። ታወር ብቻ አይደለም፤ ካርታው ራሱ አያዳላም አይባልም። ጀርመናዊ ከፈረንሳይ ጋር ሲገናኝ 1 ነጥብ ነው የሚያገኘው፤ አንድ አህጉር ናቸውና። ካናሪ ደሴቶች ላይ የተቀመጠ ሰው ግን በአፍሪካ ስለሚቆጠር ከያንዳንዱ አውሮፓዊ 3፣ ከያንዳንዱ አሜሪካዊም 3 ያገኛል። ሁለቱም ደግሞ ቅርቡ ናቸው። ትልልቆቹ ተወዳዳሪዎች በጥቅምት ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ካናሪ፣ ወደ ማዴይራ፣ ወደ ሞሮኮ የሚሄዱት ለዚህ ነው።

ሁሉንም እኩል ለማድረግ የተደረገ ሙከራ አለ። ደብልዩአርቲሲ ይባላል፤ መጀመሪያ በ1990 በሲያትል ተካሄደ። ተወዳዳሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይቀርባሉ። በተለይ ከ2010 ወዲህ ለሁሉም አንድ ዓይነት አንቴና ሜዳ ላይ ይተከላል። ቦታው በዕጣ ይወጣል። ኃይሉ ለሁሉም 100 ዋት ነው። ኮልሳይኑ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው በታሸገ ፖስታ ይሰጣል፤ ዝናው ቀድሞ እንዳይጠራለት። ድንኳኑ ውስጥ ዳኛ አጠገባቸው ተቀምጦ የሚሰሙትን አብሮ ይሰማል። በ2018 ጀርመን ዊተንበርግ አካባቢ 63 ቡድኖች እንዲህ ተወዳደሩ። አስበው፤ አሸናፊውን በጆሮና በውሳኔ ብቻ ለመለየት ይህ ሁሉ ድካም ያስፈልጋል። በየቤታችን ይህን ማድረግ አንችልም። ስለዚህ ምድብ ተፈጠረ። አንተ ከ1500 ዋቱ ሰውዬ ጋር አትወዳደርም፤ ከሌላው ባለ 100 ዋት ጋር ነው የምትወዳደረው። ፈቃድ ካወጡ 3 ዓመት ላልሞላቸው ሩኪ የሚባል ተጨማሪ ምድብ ደግሞ አለ። አንተ 8 ወርህ ነው። ግባበት! ስትልክ ያንን መስመር አልሞላህም መሰለኝ። «ትንሽ እገዛ» ካስፈለገህም እነሆ፣ በደንቡ ውስጥ ተቀምጦልሃል።

ሳትጠይቀኝ የምነግርህ አንድ ነገር አለ፤ ጄነራል ስለሆንክ ነው። 40 ሜትር ላይ በድምፅ የምትናገርበት ክልልህ ከ7.175 እስከ 7.300 ሜጋኸርዝ ነው። አውሮፓውያኑ ከዚያ በታች ሲጠሩ ትሰማቸዋለህ። ጥርት ብለው ይመጣሉ፤ ክላስተሩም ያሳይሃል፤ ብትጫን ራዲዮህ ወደዚያው ይወስድሃል። እዚያ ማይኩን ብትጫን ግን ከፈቃድህ ውጭ ነህ። እነሱ «ከላይ በ7.2 ምናምን አዳምጣለሁ» ካሉ ስፕሊት አድርገህ፣ ማለትም በእነሱ ፍሪኩዌንሲ እያዳመጥክ፣ በራስህ ክልል መልስ። ጠርዙም ላይ ተጠንቀቅ። በ40 ሜትር ድምፃችን ከዳያሉ በታች 3 ኪሎኸርዝ ገደማ ይወርዳል። ዳያሉ 7.176 ሲያሳይ አንተ ውጭ ነህ፤ ከ7.178 በላይ ሁን። 20 ሜትር ላይ ደግሞ ወደ ላይ ስለሚወጣ ከ14.347 አትለፍ፤ ታችኛው ጠርዝህም 14.225 ነው።

ማይኩን ከልክ በላይ አለመክፈት ራሱ የሐቀኝነት ጉዳይ ነው። ድምፁ ወደ ግራና ቀኝ የሚረጭ ጣቢያ ከጎኑ ያሉትን ያባርራል፤ ከዚያ ሰፊ ቦታ ለብቻው ይይዛል። አጣሪዎቹ ባንዱን ቀድተው ስለሚያስቀምጡ ይህም ይታያቸዋል። ባዶ የመሰለህ ፍሪኩዌንሲ ላይ ከመጥራትህ በፊት ሁለት ጊዜ «ተይዟል?» ብለህ ጠይቅ። ቢያንስ በየደቂቃው ኮልሳይንህን ተናገር፤ የሚያዳምጥህ ሰው ማን እንደሆንክ ለማወቅ 5 ደቂቃ መጠበቅ የለበትም። ድጋሚ የሚጠራህ ሰው ካለ «ቀድሞ አለህ» ብለህ አትከራከረው፤ መዝግበውና እለፍ። ምናልባት ባለፈው ጊዜ አንዳችሁ ተሳስታችሁ ይሆናል። ለድግግሞሽ ቅጣት የለም።

እሺ፣ ዛሬ ማታ ቁጭ በልና ይህን አድርግ። የሎግህን የካብሪሎ ፋይል ክፈት፤ ተራ ጽሑፍ ነው፣ በማንኛውም ማስታወሻ ፕሮግራም ይከፈታል። ከላይ ምድቡን የሚገልጸውን መስመር «በእገዛ» ወደሚለው ቀይረው። የሩኪውን መስመር ሙላ። የአክስትህን ልጅ መስመር ግን አትሰርዘው። ከሰረዝከው የእሱ ሎግ ሲታይ አንተ ዘንድ የለም ተብሎ ይቀጣል። በመስመሩ መጀመሪያ ያለውን ኪውኤስኦ የሚለውን ቃል ወደ ኤክስ-ኪውኤስኦ ለውጠው፤ ላንተ አይቆጠርም፣ ለማመሳከሪያ ግን ይቆያል። ለእሱም ደውለህ ጉዳዩን ንገረው፤ በራሱ በኩል እንዲሁ ያድርግ። ስድስቱን ኮልሳይኖች ፕሮግራሙ ካስቀመጠው የመጀመሪያ ቅጂ አውጥተህ እንደሰማሃቸው መልሳቸው። የመጀመሪያውን ያጣኸው ካለ እሱንም ኤክስ-ኪውኤስኦ አድርገው።

ከዚያ መልሰህ ላከው። ውጤቱ ሲወጣ የሎግህ ማጣሪያ ሪፖርትም አብሮ ይመጣል። የትኛው ኮልሳይን እንደተሳሳተ፣ ትክክለኛው ምን እንደነበር በየመስመሩ ይጽፍልሃል። ከስድስቱ ስንቱን ጆሮህ በትክክል እንደሰማ ያኔ ታየዋለህ። ኢንተርኔቱ ያሳሳተህም ሊኖር ይችላል። ሲመጣልህ ቁጥሩን ጻፍልኝ፤ እጠብቃለሁ።